የትኛው ዱብራቫ?

ራሚዝ በቤዝመንቱ የልብስ ማጠቢያ ክፍል ወለል ላይ በጀርባው ተንጋሏል። ማጅራቱ የሲሚንቶውን ገንዳ ጠርዝ መትቷል፤ ደሙ ወደ ወለሉ ፍሳሽ ሲወርድ መንገድ ላይ ደርቋል። ከገንዳው በላይ ያለው ቧንቧ ጥብቅ ብሎ ተዘግቷል። ከሬሳው ራቅ ብሎ፣ በሩ ጥግ፣ እስከ አፉ ውሃ የሞላ ሰማያዊ ባልዲ ተቀምጧል። ውሃው ላይ የቼዝ ሳጥን የእንጨት ክዳን ይንሳፈፋል።

የቶሮንቶ ፖሊስ የግድያ መርማሪ ሀፍሳ አብዱልቃድር ከሬሳው ይልቅ ባልዲው አጠገብ ብዙ ቆየች።

«ሀፍሳ፣ የሞተው በዚህ በኩል ነው» አላት የሥራ ባልደረባዋ ሳጅን ኮሊንስ።

«አይቼዋለሁ። እሱ የትም አይሄድም፤ ይሄ ግን ሊደፋ ይችላል።»

ከገንዳው እስከ በሩ ድረስ ወለሉ ላይ የልብስ ሳሙና ዱቄት ስስ ሆኖ ተበትኗል። ሀፍሳ ተንበርክካ በባትሪ አየችው። ዱቄቱ ላይ የጫማ ዱካ አለ፤ ጠርዙ ግን ተረጋግጦ ጠፍቷል። ውሃ የነካው ቦታ የለም። አንድ ጠብታ ቢያርፍበት ዱቄቱ ጓጉሎ ይታይ ነበር።

«ሲታገሉ ክዳኑ ወድቆ ገብቶ ይሆናላ» አለ ኮሊንስ።

«ሙሉ ባልዲ ውስጥ እንጨት ቢወድቅ ውሃው አይረጭም?»

ኮሊንስ ትከሻውን ነቅንቆ ወደ ቀጣዩ ክፍል መራት። የሟቹ የግል ክፍል ነው። የቼዝ ሳጥኑ ክዳኑን አጥቶ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ግድግዳውን የባልካን አገሮች ካርታ ሸፍኖታል፤ ካርታው ላይ ቀይ ራስ ያላቸው መርፌዎች ተሰክተዋል። ኮሊንስ ጠጋ ብሎ ማንበብ ጀመረ።

«ዱብራቫ። ይሄኛውም ዱብራቫ። ስሎቬኒያ ውስጥ ዱብራቫ፣ ቦስኒያ ውስጥ ዱብራቫ፣ ሰርቢያም … ሰውየው ሌላ ስም አያውቅም እንዴ?»

ሀፍሳ አልሳቀችም። አንዳንዶቹ መርፌዎች ተነቅለው ቀዳዳቸው ብቻ ቀርቷል።

ሬሳውን ያገኘው ተከራዩ ጀላል ነበር። ኤርፖርት አጠገብ ካለው መጋዘን የሌሊት ሥራውን ጨርሶ ሰኞ ጠዋት ሲገባ ነው ያየው። እሁድ ሥራ የገባው ዘግይቶ እንደሆነ አለቃው ተናግሯል፤ ይህን የሰማው ኮሊንስ በልቡ ፈርዶበታል። የጀላልን አልጋ ሥር ሲፈትሹ ደግሞ ውሃ የሞሉ ጀሪካኖች በሰልፍ ተደርድረው አገኙ።

«ይሄ ጤነኛ ነው?» አለ ኮሊንስ በሹክሹክታ።

ሀፍሳ ወንበር ስባ ከጀላል ፊት ተቀመጠችና በአማርኛ «ከየት ነህ?» አለችው።

ጀላል ቀና አለ። «አልሐምዱሊላህ! ሀበሻ ነሽ? ከሐረር ነኝ እህቴ። ጀጎል፣ ሰንጋ በር።»

«እኔ ደግሞ ከበድሮ በር። በልጅነቴ ነው የወጣሁት። እሁድ ለምን ዘገየህ?»

«ባስ አመለጠኝ። ወላሂ ባስ ነው! እዚህ አገር ባስ አምልጦት የሚታሰር እኔ የመጀመሪያው ልሆን ነው?» ኮሊንስን በስጋት አየው። «ሚስቴን ሙሚናን ስፖንሰር አድርጌያለሁ። ፋይሏ ኢሚግሬሽን ቁጭ ብሏል። ፖሊስ ስሜን ካነሳ ያው አለቀልኝ።»

«ረጋ በል። ስትወጣ ሰውየው ምን ያደርግ ነበር?»

«አባባ ራሚዝ? ይንቆራጠጡ ነበር። ‹ዛሬ እንግዳ አለኝ› አሉኝ። ‹ሚዜ ከፈለጉ ሺፍቴን ካንስል ላድርግ› ብዬ ቀለድኩባቸው። ሌላ ቀን ቢሆን ይስቁ ነበር።»

«እንግዳው ማን እንደሆነ አልነገሩህም?»

«አልነገሩኝም። ብጠይቃቸው ምን ነበረበት!»

«ጀሪካኖቹስ?»

ጀላል አፈረ። «ውሃ ይጠፋል ብዬ ነዋ። እዚህ ሬክስዴል ሰፈር ውስጥ ውሃ እንደማይጠፋ እኔ አውቃለሁ። እጄ ግን አያውቅም።»

ሀፍሳ ስካርቦሮ የምትኖረውን እናቷን አሰበች። የእናቷ መታጠቢያ ቤትም ውሃ በሞሉ ዕቃዎች ታጭቆ ሰው መግቢያ የለውም።

«ሰማያዊው ባልዲ ያንተ ነው?»

«የቤቱ ነው። ክዳን የሌለው ነገር ላይ ውሃ አጠራቅሜ በረሮ ላጠጣ ነው? ጀሪካን እያለልኝ!»

የሟቹ ሚስት ሳፊያ ቅዳሜና እሁድን ስካርቦሮ ሴት ልጇ ቤት ነበረች። ሰኞ ከሰዓት ከአማቿ ከዳሚር ጋር ስትደርስ ማን እንደገደለው አልጠየቀችም።

«አግኝቶት ነበር?» አለች በሰባራ እንግሊዝኛዋ።

«ምኑን፣ እናቴ?»

«ዱብራቫን።»

ሳፊያ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ በዝግታ አወራች። በቦስኒያው ጦርነት ጊዜ ትልቁ ልጃቸውን ኤሚርን ከአውቶቡስ አውርደው ወሰዱት። ከእሱ ጋር ታስሮ የተረፈ ሃሪስ የሚባል ሰው አለ፤ አሁን ሃሚልተን ይኖራል። በተሸፈነ መኪና ስለወሰዷቸው መንገዱን አላየም። ዘቦቹ የመንደሩን ስም ሲጠሩ ግን ሰምቷል። ዱብራቫ።

«የቱ ዱብራቫ? ቃሉ የባሉጥ ጫካ ማለት ነው፤ እኛ አገር የባሉጥ ዛፍ ባለበት ሁሉ ዱብራቫ አለ። ድንበሩን ተሻግረሽም ታገኚዋለሽ። ራሚዝ በየበጋው እየሄደ አንድ በአንድ ጠየቀ። እኔም አብሬው የሄድኩበት ጊዜ አለ። ሁሉም ‹እኛ መንደር እንዲህ ያለ ነገር አልሆነም› ይሉናል። እሁድ ጠዋት ደወለልኝ። ‹ነገ ስትመጪ የት እንደሆነ እነግርሻለሁ› አለኝ።»

«እንዴት እንዳወቀ አልነገረዎትም?»

«አልነገረኝም። ልጄ፣ ገዳዩን ታገኚው ይሆናል። ሥራሽ ነው። እኔ ግን ባሌ ነገ እነግርሻለሁ ያለኝን ነው የምፈልገው።»

ሀፍሳ ምንም ቃል አልገባችላትም። ለሟች ቤተሰብ ቃል መግባት ካቆመች ቆይታለች።

በማግስቱ ዳሚርን ጋራዡ ውስጥ አገኘችው። ግሪስ የነካ እጁን ሊታጠብ ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ከፈተውና እዚያው ትቶት ማውራት ቀጠለ።

«አዎ፣ እንጣላ ነበር። ለምን እዋሻለሁ? ‹አስከሬኑ ባይገኝም የሩቅ የጀናዛ ሶላት ስገድለትና ሴትዮዋን አሳርፋት› አልኩት። ‹ልጄን ሳላገኘው አፈር አልብሰው ትለኛለህ› ብሎ ከቤት አስወጣኝ።»

«እሁድ የት ነበርክ?»

«እዚሁ። ብቻዬን። መኪና ሥር ተኝቼ። መኪናውን ጠይቂያ!» ከዚያ በግሪሱ እጁ ዓይኑን ጠረገ። «ሽማግሌው ግን ግትር ነበር።»

ሀፍሳ ስትሰናበተው ውሃው አሁንም ይወርድ ነበር። ዞር ብላ ራሷ ዘጋችው።

ሦስተኛው ሰው ቶሞ ነው፤ በየእሁዱ ከራሚዝ ጋር ቼዝ የሚጫወት ጡረታ የወጣ ሴራሚክ አንጣፊ። ከብሉር ጎዳና ብዙም በማይርቅ ሕንፃ ላይ ብቻውን ይኖራል። ዓይኖቹ ቀልተዋል።

«ያለፈው እሁድ አልሄድኩም። ጉንፋን ይዞኝ ነበር። ብሄድ ኖሮ …» ሳይጨርሰው ተወው።

«እርስዎ አገርዎ የት ነው?»

«ከዱብራቫ ነኝ። አይሳቁ እንግዲህ። የክሮኤሺያው፣ ወንዝ ዳር ያለው። ከራሚዝ ጋር እንደተዋወቅን ካርታው ላይ ብጠቁመው መርፌውን ነቅሎ ጣለው። ‹ያንተ መንደር ነጻ ናት› አለኝ።»

«ወንዙ ትልቅ ነው?»

«ትልቅ! እኛ ከመራመዳችን በፊት ዋና ነው የምንለምደው።»

ሀፍሳ ውሃ ለመነችው። ቶሞ ቧንቧውን ከፍቶ እስኪቀዘቅዝ ጎድጓዳ ሳህን ሥሩ ደቀነ። ብርጭቆዋን ሞልቶ ከሰጣት በኋላ የሳህኑን ውሃ መስኮቱ ላይ ላሉት አበቦች በስስት አከፋፈለ። ሳህኑን አራግፎ ሲመለስ ሀፍሳ ብርጭቆውን እስከ ታች ጨለጠችው። ትንሽ አስተርፋ ብታስቀምጥ ምን እንደሚያደርግበት የምታውቅ መሰላት፤ እናቷም እንዲሁ ነች። ግን ይህ ሰው ወንዝ ዳር አደግሁ ብሏል።

መኪናዋ ውስጥ ሆና ሃሚልተን ለሃሪስ ደወለች።

«በቅርቡ ራሚዝ እኔ ዘንድ መጥቶ ነበር» አለ ሃሪስ። «እስከ ዛሬ የመንደሩን ስም ብቻ ነበር የነገርኩት። የቀረውን ማውራት አልቻልኩም። አባት ፊት እንዴት ይወራል? ያን ቀን ግን ስለ ጥሙ ነገርኩት።»

«ስለ ጥም?»

«መንደሩ ወንዝም ምንጭም የለውም። ድንጋይ ብቻ ነው። ከጣሪያ የሚወርደውን የዝናብ ውሃ በጉድጓድ ያጠራቅማሉ። ትምህርት ቤት ውስጥ ነበር የታሰርነው። አንድ የመንደሩ ጎረምሳ ለዘቦቹ ውሃ በባልዲ ያመላልሳል። ሲራመድ እንዳይፈስበት እላዩ ላይ እንጨት ያንሳፍፍበት ነበር። አንድ ጠብታ አያስነካም። ዘቦቹ ዞር ሲሉ ያንን እንጨት አንስቶ በኩባያ ያቀምሰናል። ስሙን አላውቅም። በሕይወት ካለ እግዜር ይስጠው።»

«ይህን ሲሰማ ራሚዝ ምን አለ?»

«ምንም። ኮቱን ለበሰ። በሩ ላይ ሲደርስ ‹እንጨት ነው ያልከኝ?› ብሎ አንድ ጊዜ ደግሞ ጠየቀኝ።»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ሀፍሳ ሞተሩን ሳታስነሳ ተቀመጠች። ገዳዩን አውቃዋለች፤ ደስ ግን አላላትም። ውሃ የሚቆጥብ ሰው ወንጀለኛ ነው ብላ ዳኛ ፊት ብትቆም የመጀመሪያዋ ተከሳሽ እናቷ ናት።

በሰባተኛው ቀን ሳፊያ ቤት ለሟቹ ጸሎት ተደረገ። ጎረቤቶቹ በልተው መርቀው ሲሄዱ ዳሚር፣ ጀላልና ቶሞ ሳሎን ቀሩ። ኮሊንስ ሲቪል ለብሶ በሩ ጋ ቆሟል። ሀፍሳ አስቀድማ ሳፊያን አስፈቅዳ የወጥ ቤቱን ቧንቧ ከፍታ መጣችና ከእነርሱ ጋር ተቀመጠች።

ዳሚር ብርጭቆ ሊያመጣ ወጥ ቤት ገባ። ይዞ ተመለሰ። ውሃው መፍሰሱን ቀጠለ።

ጀላል አላስቻለውም። «ኧረ ማነው ቧንቧ ከፍቶ የሄደው? ሐራም አይደለም እንዴ!» እያለ ሮጦ ዘጋው። ሀፍሳ ተነስታ መልሳ ከፈተችው። ጀላል አፉን ከፍቶ አያት፤ «ቁጭ በል» አለችው ቀስ ብላ።

ትንሽ ቆይቶ ቶሞ ባዶ ሳህኖቹን ሰብስቦ ወደ ወጥ ቤት ገባ። ሳሎን ያሉት ወሬያቸውን ቀጠሉ። ሀፍሳ ብቻ ጆሮዋን ሰጥታለች። መጀመሪያ የውሃው ድምፅ ተለወጠ፤ ብረት ውስጥ መውረድ ጀመረ። ከዚያ እየወፈረ፣ እየሞላ መጣ። ከዚያ ቆመ። ቶሞ እጁን በሱሪው እየጠረገ ወጣና ቦታው ተቀመጠ።

ሀፍሳ ወጥ ቤት ገብታ ድስቱን በሁለት እጇ ይዛ መጣች፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። እስከ አፉ ሞልቷል። ውሃው ላይ ክብ የዳቦ መቁረጫ እንጨት ተንሳፍፏል።

 ቶሞ ድስቱን ሲያይ የፊቱ ቀለም ሄደ።

«ራሚዝ የሞተበት ክፍል ውስጥ እንዲሁ ያለ ባልዲ ነበር» አለች ሀፍሳ። «ውሃው እስከ አፉ ሞልቷል፤ አጠገቡ ግን አንድ ጠብታ አልፈሰሰም። ወለሉ ላይ የሳሙና ዱቄት ስለነበር ጠብ ያለ ነገር ቢኖር ይታይ ነበር። ክዳኑ እንዲያው ወድቆበት ቢሆን ውሃው ይረጭ ነበር። ስለዚህ አንድ ሰው ክዳኑን ቀስ አድርጎ አንሳፍፎበት፣ ባልዲውን ከገንዳው እስከ በሩ ተሸክሞታል። ጫማው ዱቄቱን ረግጦ አልፏል፤ ውሃው ግን አልፈሰሰም።»

«ማነው ሰው ገድሎ ውሃ የሚያመላልሰው?» አለ ዳሚር።

«እኔም እሱን ነው ስጠይቅ የሰነበትኩት። አንተ አይደለህም። አሁን ውሃው ሲፈስ አጠገቡ ብርጭቆ አንስተህ ወጣህ፤ ጆሮህም አልሰማው። ጀላል ሰማ። ጀላል ግን ቧንቧ ይዘጋል፣ ውሃ በጀሪካን ያስቀምጣል። ጀሪካን ክዳን አለው፤ በውሃ ላይ እንጨት ማንሳፈፍ የሐረር ልጅ ልማድ አይደለም። እንጨት የሚያንሳፍፈው ባልዲ ተሸክሞ ድንጋይ ለድንጋይ ሲሄድ ያደገ ሰው ነው።»

ወደ ቶሞ ዞረች።

«ራሚዝ ይህን ከሃሪስ ሰማ። በዚህ ቤት ለውሃ የሚሳሳ አንድ ወዳጅ እንዳለው ትዝ አለው። እናቴ ሳፊያ፣ እውነቴን ነው?»

«‹ቶሞ ውሃ ሊያስከፍለን ነው› እያለ ይስቅበት ነበር» አለች ሳፊያ። ዓይኗን ከቶሞ አላነሳችም።

«ስለዚህ እሁድ ሲመጡ ወደ ቤዝመንቱ ይዞዎት ወረደ። ቧንቧውን ከፈተና ዝም ብሎ ያይዎት ጀመር። እርስዎ ባልዲ ደቀኑ። ሞላ። ራሚዝ መልሱን አገኘ፤ ወንዝ ዳር እንዳላደጉ አወቀ። ከተጣላችሁና እሱ ከወደቀ በኋላ ቧንቧውን ዘጉ፣ ከቀጣዩ ክፍል ጠረጴዛ ያነሱትን የቼዝ ሳጥን ክዳን አንሳፈፉ፣ ባልዲውን እንዳይደፋ ወደ ጥግ ወሰዱ። ይህን ማድረግዎን የሚያስታውሱት አይመስለኝም። ጀላል የነገረኝ ነገር አለ፤ እሱ ያወቀውን እጁ አያውቅም። ያለኝ ይኼው ነው። ለፍርድ ቤት ይበቃል ብዬ አልዋሽዎትም።»

ቶሞ ድስቱን በሁለት እጁ ይዞ ከጠረጴዛው ጠርዝ አራቀው።

«ገፋሁት» አለ በመጨረሻ። «ደረቴን ይዞ ‹ልጄ የት ነው?› አለኝ። አልሰደበኝም። ‹ልጄ የት ነው?› ብቻ። ባላውቅ ኖሮ አላውቅም እለው ነበር። መልሱን ስለማውቅ ነው የገፋሁት።»

ዳሚር ከወንበሩ ተስፈንጥሮ ተነሳ። ጀላል ወገቡን አቅፎ ያዘው። ሳፊያ እጇን አነሳች፤ ሁለቱም ቆሙ።

«እኔም እሱኑ ነው የምጠይቅህ» አለች።

«ከትምህርት ቤቱ ጀርባ» አለ ቶሞ። «ትልቁ የዝናብ ውሃ ጉድጓድ ውስጥ። አብረውት የነበሩትም እዚያው ናቸው። እኔ ውሃ ብቻ ነበር የምሸከመው … ከዚያ ወዲያ ማንም አልጠጣበትም። አፉን በሲሚንቶ ደፈኑት።»

«ኤሚር እዚያ እንደነበረ በምን አወቅህ?»

«ያኔ ስሙን አላውቅም ነበር። ቀይ ሹራብ የለበሰ ልጅ ነበር። ራሚዝ ፎቶውን ሲያሳየኝ ለየሁት።»

«መቼ ነው ያሳየህ?»

«ገና ስንተዋወቅ።»

ሳፊያ ወደ እሱ ጠጋ አለች። «ከዚያ በኋላ ስንት እሁድ እዚህ ተቀመጥክ! ስንት ጊዜ ከእጄ በላህ! ለምን ነበር የምትመጣው?»

«ልነግረው» አለ ቶሞ። «በየእሁዱ ልነግረው ነበር የምመጣው።»

ኮሊንስ ካቴናውን ከኪሱ አወጣ። ሀፍሳ በዓይኗ አቆመችው፤ ከዚያ ሁሉንም ይዛ ወደ ቤዝመንቱ ወረደች። ቶሞ ካርታው ፊት ቆመ። ጣቱ ያኔ ነጻ ያወጣትን የወንዝ ዳሯን ዱብራቫ አልፎ፣ ድንበሩን ተሻግሮ፣ ደቡብ ቦስኒያ ውስጥ ከተራሮቹ መሐል የተሰካ አንድ ቀይ መርፌ ላይ አረፈ።

ሳፊያ መነጽሯን አድርጋ ተጠጋች። ብዙ ቆየች።

«እዚህማ ሄደናል» አለች። «ራሚዝና እኔ። ሰዎቹ በቦቴ ከሚመጣላቸው ውሃ አጠጡን። ፀሐዩ በርትቶ ነበር። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ጥላ አለ አሉን።» ወደ ሀፍሳ ዞረች። «ሲሚንቶው ላይ ተቀምጠን ዳቦ በላን።»

 ኮሊንስ ቶሞን ክንዱን ይዞ ቀስ ብሎ አወጣው፤ ጀላል ዳሚርን አስከትሎ ወደ ላይ ወጣ።

ሀፍሳ ከሳፊያ ጋር ቀረች።  ሳፊያ እጇን ዘርግታ የመጀመሪያውን መርፌ ነቀለች፤ ስሎቬኒያ ውስጥ ያለችውን ዱብራቫ። ቀጥላ ሰርቢያ ያለችውን። እያንዳንዱን ስትነቅል ቦታውን በአውራ ጣቷ ዳበስ ታደርገዋለች፤ አላግባብ የተጠረጠረን ሰው ይቅርታ እንደመጠየቅ። መርፌዎቹን ሀፍሳ መዳፍ ላይ ታኖራቸዋለች። ካርታው ቀስ በቀስ ባዶ ሆነ።

አንዱ ቀረ። እሱን አልነካችውም።

«ወደዚያ አውሮፕላን ከየት ነው የሚነሳው?» አለች ሳፊያ። «ልጄን አውጥቼ ላጥበው ይገባኛል።»